ከሃቫና ስትሪት ሥር ያለው ባሕር

የምጠይቀውን መጀመሪያ ልናገርና ምክንያቱን ከዚያ ላስረዳ። የማኅበራችን የዘንድሮ የጸደይ ጉዞ እንደ ወትሮው ወደ ተራራ መሆኑ ይቅርና ወደ ደቡብ፣ ወደ ፑዌብሎ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳሉት ቲፒ ቢዩትስ ወደሚባሉት ኮረብታዎች ይሁን። ይህን ሐሳብ በስብሰባ ላይ ሳነሳ ግማሹ ሰው ሳቀ፤ ግማሹ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ፈለገ። አንድ ወንድማችን ፎቶውን አየት አድርጎ "ይሄ እኮ የምስጥ ኩይሳ ነው" አለ። ልክ ነው፣ ከሩቅ ሲያዩአቸው ኩይሳ ይመስላሉ።

አይ 25ን ይዛችሁ ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወደ ፑዌብሎ ስትነዱ፣ ፋውንቴንን ካለፋችሁ በኋላ በስተግራ በኩል ሜዳው ላይ ሹል ሹል ያሉ ጉብታዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። ትልቁ ቢበዛ አሥር ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ስማቸው የወጣው የሜዳው ነባር ሕዝቦች ይኖሩበት የነበረውን ሾጣጣ ድንኳን፣ ቲፒን፣ ስለሚመስሉ ነው። ስንቶቻችን በዚያ መንገድ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለኳስ ጨዋታ ተመላልሰናል። ከመኪናው ውስጥ ዞር ብሎ ያያቸው ሰው ግን እምብዛም ያለ አይመስለኝም።

እያንዳንዱ ጉብታ በአንድ ወቅት የባሕር ወለል ላይ የነበረ መንደር ነው። የዛሬ 75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ኮሎራዶ ባሕር ነበረች። ባሕሩ ከሰሜን ዋልታው ውቅያኖስ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ድረስ ተዘርግቶ ሰሜን አሜሪካን ለሁለት ከፍሏት ነበር። ዛሬ አቅጣጫ የምንለይባቸው የሮኪ ተራሮች ገና አልተነሡም። በባሕሩ ወለል ላይ የተጠራቀመው ግራጫ ጭቃ እየተጫነ ሄዶ ፒር ሼል የሚባለው ድንጋይ ሆነ። ፑዌብሎ አካባቢ ይህ ድንጋይ ገጽ ላይ ወጥቶ ይታያል። እኛ ጋ ግን ተቀብሯል። ሃቫና ስትሪት ላይ እንጀራ ከምንገዛበት ሱቅ፣ ከኮሪያ ምግብ ቤቶቹ፣ ከመኪና መሸጫዎቹ ሁሉ በታች፣ በብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት፣ ያው የባሕር ወለል አለ።

በመሀል ያለውም ባዶ አይደለም። በ2025 የዴንቨር የተፈጥሮና ሳይንስ ሙዚየም (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በገዛ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ሲያስቆፍር 230 ሜትር ገደማ ወርዶ የዳይኖሰር አጥንት እንዳገኘ አስታውቋል። ዕድሜው 67 ሚሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ ነው። ያ እንስሳ የኖረው ባሕሩ ሸሽቶ ምድሩ የብስ ከሆነ በኋላ ነው። ባሕሩ ከእሱም በታች ነው።

አሁን ወደ መንደሩ ልመለስ። በጭቃው ስንጥቆች በኩል ከሥር ሚቴን ይወጣ ነበር፤ ያው ምድጃችን ላይ የምናነደው ጋዝ። ሌላ ቦታ ቢሆን ሽቅብ ይሄድና ያልቃል። ጭቃው ውስጥ ግን በዓይን የማይታዩ ሁለት ዓይነት ፍጥረታት፣ አርኪያና ባክቴሪያ፣ ተጋግዘው ሚቴኑን ይበሉታል። ኦክስጅን በሌለበት፣ በባሕር ውኃ ውስጥ ባለው ሰልፌት ተጠቅመው ነው የሚበሉት። ከማዕዳቸው ሁለት ነገር ይተርፋል። አንዱ ከውኃው ካልሲየም ጋር ተዋህዶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ሁለተኛው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ።

እዚህ ላይ የነርስነት ትምህርቴ ጣልቃ ይገባል፤ ታገሡኝ። ስለ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ እኛ የምንማረው ገዳይነቱን ነው። በሕዋሳችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚጠቀመውን የመጨረሻውን ኢንዛይም ይዘጋዋል። ደሙ ኦክስጅን ተሸክሞ ደጅ ድረስ ይመጣል፣ ሕዋሱ ግን በሩን መክፈት አይችልም። በነዳጅ ጉድጓድና በፍሳሽ ማስወገጃ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። በዚያ ባሕር ወለል ላይ ግን ይህን መርዝ ምግብ ያደረገ መንደር ነበር። ከነዋሪዎቹ ዋነኛው ኒምፋሉሲና የሚባል ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ነው። ጉብታዎቹ ውስጥ ያለው የኖራ ድንጋይ በእሱ ዛጎሎች የታጨቀ ነው። ድሮ ሉሲና ነበር የሚባለው። ከእኛዋ ሉሲ፣ ከድንቅነሽ፣ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ስሙን መጀመሪያ ሳይ ግን ልቤ ዘለል ብሎ ነበር። ሉሲና የጥንት ሮማውያን የወሊድ አምላክ ስም ነው። ማዋለጃ ክፍል ለተመደባችሁ ጓደኞቼ ይህቺን በነፃ ሰጥቻችኋለሁ።

የዚህ ዛጎል ዘመዶች ዛሬም በሕይወት አሉ። በስንጥባቸው ውስጥ ባክቴሪያ ያኖራሉ። ባክቴሪያዎቹ ሰልፋይዱን ከኦክስጅን ጋር አገናኝተው ጉልበት ያወጣሉ፤ በዚያ ጉልበት ምግብ ይሠራሉ፤ ዛጎሉም ከዚያ ይበላል። ፀሐይ በዚህ ወጥ ቤት ውስጥ እምብዛም ድርሻ የላትም። የዛጎሉ ችግር ሁለቱንም ጋዞች፣ ኦክስጅኑንም መርዙንም፣ ራሱን ሳይገድል ወደ ባክቴሪያዎቹ ማድረስ ነው። በካሪቢያን የማንግሮቭ ጭቃ ውስጥ የሚኖር አንድ ሉሲኒድ ይህን የፈታው በሦስት ዓይነት ሄሞግሎቢን ነው። አንዱ ሰልፋይድ ይሸከማል፣ ሁለቱ ኦክስጅን። እኛ በየሺፍቱ በታካሚ ጣት ላይ መሣሪያ ሰክተን የምንለካው ያ ሄሞግሎቢን ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ሌላም ሥራ እንዳለው ያነበብኩት ለፊዚዮሎጂ ፈተና ሳጠና ነው። ከፈተናው አንድም ጥያቄ አልወጣበትም።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የሉሲኒድ ጫጩት ባክቴሪያዎቹን ከእናቱ አይወርስም። ባዶውን ነው የሚወለደው። ካረፈበት ጭቃ ውስጥ ራሱ ያገኛቸዋል፤ ካላገኘ በዚያ አኗኗር መኖር አይችልም። በዛሬዎቹ የጋዝ ምንጮች ዙሪያ የሚኖሩ ቬሲኮምይድ የሚባሉ ሌሎች ዛጎሎች ደግሞ ከእናት በእንቁላል በኩል ይወርሳሉ። ሁለቱም ዘዴ ይሠራል፤ ሁለቱም ለብዙ ሚሊዮን ዓመት ሠርቷል። እኔ የሰው ልጅ ነኝ እንጂ ዛጎል አይደለሁም፤ ነገሩን ወደ ስብከት አልወስደውም። ግን ከእናቴ ቋንቋዋን የወረስኩ፣ የቀረውን ከኦሮራ ጭቃ የለቀምኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? ኮረብታዎቹን በስማቸው የገለጹት ጊልበርትና ጉሊቨር የተባሉ ጂኦሎጂስቶች ናቸው፤ ጽሑፋቸው በ1895 ወጣ። ሜዳው ሁሉ ለስላሳ ሼል ሆኖ ሳለ በእያንዳንዱ ጉብታ ልብ ውስጥ ጠንካራ የኖራ ድንጋይ መኖሩን፣ ድንጋዩም ዛጎል ብቻ መሆኑን አይተዋል። ጉብታ የሆኑትም ለዚህ ነው፤ ዝናብና ነፋስ ሼሉን ጠርጎ ሲወስድ ድንጋዩ ቀረ። የጋዙን ነገር ግን በዚያ ዘመን ሊያስበው የሚችል ሰው አልነበረም። ከፀሐይ ርቆ በኬሚካል የሚኖር የእንስሳት መንደር በሰው ዓይን የታየው በ1977 በጋላፓጎስ አጠገብ፣ በትኩስ ፍልውኃ ዙሪያ ነው። ቀዝቃዛው፣ ትኩሳት የሌለበት ዓይነት፣ በ1984 ፍሎሪዳ አቅራቢያ ከ3000 ሜትር በላይ በሚጠልቅ የባሕር ወለል ላይ ተገኘ። ሰዎች ሕያው የሆነውን ካዩ በኋላ ነው ድንጋይ የሆነውን በሌላ ዓይን ያነበቡት። በ1996 ኤርል ካውፍማንና ባልደረቦቹ ቲፒ ቢዩትስ የሚቴን ምንጮች እንደነበሩ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ።

ማስረጃው የላብራቶሪ ውጤት ማንበብ ለለመደ ሰው በጣም ደስ ይላል። ካርቦን ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው፤ 12 እና 13። ተራ የባሕር ኖራ ድንጋይ ሲለካ ውጤቱ ዜሮ አካባቢ ነው፤ ኖርማል ሬንጁ ያ ነው በሉ። ሚቴን ግን ከባዱ ካርቦን በጣም ያነሰበት ነው። ከሚቴን የተሠራ ድንጋይም ያንን ይወርሳል። የቲፒ ቢዩትስ ድንጋይ ሲለካ ከዜሮ በታች 40 እስከ 45 ከሺህ ይደርሳል። ይህን ቁጥር በታካሚ ቻርት ላይ ብናየው ወዲያው ወደ ሐኪሙ እንደውላለን። ላንድማን የተባለው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተመራማሪና ጓደኞቹ ደግሞ በ2012 በሳውዝ ዳኮታ በዚሁ ባሕር ሌላ የጋዝ ምንጭ ላይ ያሉትን የአሞናይት ዛጎሎች መርምረው፣ እነዚያ ዋናተኛ እንስሳት እግረ መንገዳቸውን ያለፉ ሳይሆኑ እዚያው የኖሩ ነዋሪዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። የሞተ እንስሳ አድራሻው በዛጎሉ ውስጥ ተጽፎ ይቀራል ማለት ነው።

አሁን ይህን ለምን በእኛ መጽሔት ላይ እንደምጽፍ ልናገር።

ከማኅበራችን አባላት አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አለች። ስሟን አልጠራም፤ ይህን እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች። ፋርማሲ ልትገባ ነበር የመጣችው፤ አሁን ሜጀሯን ወደ ጂኦሎጂ ቀይራለች። ቤታቸው ለቅሶ ቤት ሆኗል። እናቷ ለእናቴ ደውለው "ያንቺ ልጅ ነርስ ናት፣ ትምከርልኝ" አሉ። እናቴም እንደ ደንቡ "ምከሪያት" አለችኝ። እሳቸውን እንደ እናቴ ነው የማከብራቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ለሊት እየሠሩ ሦስት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ፍርሃታቸው የሞኝ ፍርሃት አይደለም። በስደት ያደገ ልጅ ሥራ ካጣ የሚወድቅበት ትራስ የለውም። እኔም ነርስነትን የመረጥኩት ወድጄው ቢሆንም፣ ሥራ እንደማላጣ ማወቄ ሌሊት እንቅልፍ እንደሚሰጠኝ አልክድም። ስለዚህ ልጅቷን አላማከርኳትም፤ በምትኩ ይህን እየጻፍኩ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በቅሪተ አካል እንደምንኮራው የሚኮራ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ በ1974 ሐዳር ላይ ከተገኘች ወዲህ ስሟ በምግብ ቤቶቻችን በራፍ፣ በቲሸርታችን፣ በባህል ሾዋችን ላይ ነው። ፈረንጅ ጓደኛ ባገኘን ቁጥር "የሰው ዘር መገኛ" ማለታችን አይቀርም። እሺ፣ ያንን አጥንት ከአፈር የሚያወጣው ማነው? የቅሪተ አካል ተመራማሪ ነው፤ ዕድሜውን የሚያነበው ደግሞ ጂኦሎጂስት ነው። ሰላም የተባለችውን የዲኪቃ ሕፃን ያገኘው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ጂኦሎጂ ነው። እነ ብርሃኔ አስፋው፣ እነ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ዓለም የሚያውቃቸው በቅሪተ አካል ጥናት ነው። በሥራው ውጤት ደረታችንን እየነፋን ልጃችን ሥራውን ልሥራ ስትል "ድንጋይ ለቃሚ ልትሆኚ ነው?" ማለት አይገባኝም። ይህን አባባል በሁለት ቤት ሰምቼዋለሁ፤ በአንዱ ቤት ግድግዳ ላይ የድንቅነሽ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር።

እንጀራ አይሆንም ለሚሉ ደግሞ፣ በመኪና ከሃቫና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሦስት ቦታ ላሳያቸው እችላለሁ። ጎልደን ላይ የኮሎራዶ የማዕድን ትምህርት ቤት አለ፤ የስቴቱም የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት እዚያው ነው። ሌክውድ፣ ፌዴራል ሴንተር ግቢ ውስጥ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ትልቅ ማዕከል አለው። በዴንቨር አካባቢ አንዳንድ ሰዎች ከሥራቸው ካለው ድንጋይ ውስጥ ውኃ ስበው ይጠጣሉ፤ ያ ውኃ ስንት ዓመት እንደሚበቃ የሚያሰላው ሌላ ሰው አይደለም። ሚቴንም ያው ነው። ከባሕር ወለል በታች ያለው ሚቴን አብዛኛው ወደ ውኃውና ወደ አየር ሳይደርስ የሚቀረው እነዚያ ጥቃቅን ፍጥረታት ስለሚበሉት ነው። አየሩ በሚሞቅበት በዚህ ዘመን ይህን የሚያጠና ሰው ሥራ ያጣል ብዬ አላምንም። ደመወዙ ከፋርማሲስት ይበልጣል አልልም። አይበልጥም።

አባቴ የደጀን ልጅ ነው። ስለ ቲፒ ቢዩትስ ስነግረው አልሳቀም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በአውቶቡስ የዓባይን በረሃ ሲወርዱና ሲወጡ ገደሉ ላይ ስለሚታየው ነጣ ያለ ድንጋይ አወራኝ። እሱም የባሕር ድንጋይ ነው፤ በዳይኖሰር ዘመን፣ ከኮሎራዶው ባሕር ብዙ ቀደም ብሎ፣ ኢትዮጵያን የሸፈነ ባሕር የተወው የኖራ ድንጋይ። ትግራይ ውስጥ ባለችው በአንታሎ ስም ይጠራል። አባቴ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና "ታዲያ እዚያም ጋዝ ይበሉ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ግሩም ነው። መልሱ፣ የባሕር ዛጎል ያለበት ድንጋይ ሁሉ የጋዝ መንደር አይደለም። የአንታሎ ድንጋይ ፀሐይ ያገኘ፣ ጥልቀት የሌለው ተራ ባሕር ሥራ ነው፤ ቲፒ ቢዩትስን ልዩ የሚያደርጋቸው ያ ከዜሮ በታች የወረደ ቁጥር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአባቴ ጋር ስለ ኮሌጅ ክፍያ፣ ስለ መኪና ኢንሹራንስ፣ ስለ ፖለቲካ አውርተናል። ስለ ዓባይ በረሃ ድንጋይ ስናወራ ግን የመጀመሪያችን ነው። ያወራንበትም ምክንያት ፑዌብሎ ያለ ጉብታ ነው።

ለዚህ ነው "የእኛ ያልሆነ ነገር ምን ያደርግልናል" የሚለው ክርክር የማይዋጥልኝ። እዚህ ተወልደን ወይም በልጅነታችን መጥተን፣ እዚህ ግብር እየከፈልን፣ ወላጆቻችን እዚሁ እየተቀበሩ፣ ኮሎራዶን ግን አሁንም እንደ ትራንዚት አዳራሽ ነው የምናያት። ስለ ላሊበላ አለት ማወቅ ግዴታችን ነው እንላለን፤ የቆምንበትን አለት ስም ማወቅ ግን የፈረንጅ ሥራ ይመስለናል። ሁለቱን ማወቅ የሚከለክል ሕግ አላየሁም።

የቀሩት ተቃውሞዎች የአስተዳደር ናቸው። አብዛኞቹ ጉብታዎች የግል መሬት ላይ ናቸው፤ አጥር ዘሎ መግባት አይቻልም፣ ድንጋይ ቆርጦ መውሰድም አይቻልም። ስለዚህ ወይ አስቀድመን ከባለ መሬት ፈቃድ እንጠይቃለን፣ ወይ ከመንገድ ዳር ሆነን እናያለን። ፈቃዱን የመጠየቁን ሥራ እኔ እወስዳለሁ። ማብራሪያውን ደግሞ የጂኦሎጂ ተማሪያችን ትሰጣለች፤ በአማርኛ ለመስጠት እየተለማመደች ነው፤ "አንኤሮቢክ" የሚለው ላይ ተይዛለች፣ የምታውቁ ካላችሁ እርዷት። ወጪው የቤንዚን ብቻ ስለሆነ ከተራራው ጉዞ ይረክሳል፤ ገንዘብ ያዣችን ይህን መስመር ሁለቴ እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ።

ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። መኪና ያላችሁ ስንት ሰው እንደምትጭኑ ጻፉልኝ። እዚያ አንዲት ዛፍ ስለሌለች ኮፍያና ብዙ ውኃ ያስፈልጋል። ወላጆችም ይምጡ፤ አባቴ ተመዝግቧል። የልጅቷ እናት ለመምጣት እሺ ካሉ የፊት ወንበር ይዤላቸዋለሁ።